አገር ስጠኝ የሚሉ ልጆች

በእንቆቅልሽ ጨዋታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው አንድ ሕግ አለ። መልሱ የጠፋበት ሰው ገንዘብ አይከፍልም፤ አገር ይሰጣል። ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፤ ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሐረርን ያቀርባል፤ አሸናፊው ካልወደደው ሌላ ያስመጣል፣ ከወደደው ደግሞ እዚያ ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ ማን ወጥቶ እንደተቀበለው እየዘረዘረ ይፎክራል። ይህን ጨዋታ ያወረሱን ሰዎች ለልጅ ከሽልማት ሁሉ የሚበልጠው ያላየው ቦታ መሆኑን ያውቁ ነበር። ዛሬ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ በስልክ ወይም በኮምፒውተር መስኮት ምናባዊ ተራራ የሚወጣና ምናባዊ ወንዝ የሚሻገር ወጣትም የሚፈልገው ያንኑ ነው። እኛ ትልልቆቹ ግን ጌም ሲባል ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከትተን «ጊዜ ማባከኛ» የሚል ስም ለጥፈንበታል። ይህ ፍርድ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ተጫዋቹ ሰፊ ምድር ተሰጥቶት ወደ ፈለገበት የሚሄድበት፣ በተለምዶ «ኦፕን ወርልድ» የሚባለው የጌም ዓይነት የሚሰጠው ደስታ የማሰስ ደስታ ነው። ማሰስ ደግሞ ለልጅ አእምሮ ቅንጦት አይደለም። ሐዋሳም ይህን ደስታ ከምር ለመውሰድ ከብዙ ከተሞች የበለጠ ምክንያት አላት።

የዚህ ዓይነቱ ጌም አመጣጥ ራሱ ለሐይቅ ዳር ሰው ሩቅ አይደለም። ጃፓናዊው ሺገሩ ሚያሞቶ ያደገው በኪዮቶ አቅራቢያ በምትገኝ ሶኖቤ በተባለች የገጠር ከተማ ነው። በልጅነቱ ካርታ ሳይዝ በጫካና በዋሻ ሲዞር አንድ ቀን ሳያስበው ሐይቅ ፊት ለፊት እንደቆመ፣ ያ ድንጋጤና ደስታም እንዳልለቀቀው ደጋግሞ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 «የዜልዳ አፈ ታሪክ» የተባለውን ጌም ከባልደረቦቹ ጋር ሲሠራ ያንን ስሜት ለሌሎች ልጆች ለማካፈል ፈለገ። ተጫዋቹ ሰይፍ እንኳ ሳይኖረው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ወደ ግራ ሂድ ወደ ቀኝ ታጠፍ የሚለው የለም፤ ፊት ለፊቱ አንድ የዋሻ አፍ ብቻ ይታየዋል። ከዚያ ወዲህ በአርባ ዓመት ውስጥ ቴክኖሎጂው የማይታወቅ እስኪሆን ተለውጧል። «ማይንክራፍት» የተባለው ጌም ብቻውን ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። በመካከሉ ያለው ፍላጎት ግን አልተለወጠም፤ ከኮረብታው ጀርባ ምን እንዳለ ማወቅ ነው።

ይህ ፍላጎት በአጋጣሚ የሚመጣ ሳይሆን በጥንቃቄ የሚታነጽ መሆኑን ለማየት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የዜልዳ ክፍል «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» እንዴት እንደተሠራ መመልከት ይበቃል። ዳይሬክተሩ የዓለሙን ስፋትና በቦታዎች መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት የትውልድ ከተማውን የኪዮቶን ካርታ በጌሙ ካርታ ላይ አኑሮ ተጠቅሟል። መጀመሪያ ላይ ሠሪዎቹ ረጃጅም ግንቦችን ተክለው ተጫዋቹን በእነሱ ለመሳብ ሞከሩ። በሙከራ ላይ ግን ሰዎች ከግንብ ወደ ግንብ በተዘረጋ መስመር እየተነዱ እንደሆነ ተሰማቸው። መፍትሔው የመሬቱን ቅርጽ በትልልቅ፣ በመካከለኛና በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች መሥራት ነበር። ሦስት ማዕዘን ያለው ኮረብታ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ከጀርባው ያለውን ይሸፍናል፣ ተጓዡንም «ልውጣው ወይስ ልዙረው?» ብሎ እንዲመርጥ ያስገድደዋል። በወጣው ቁጥር አዲስ ነገር ብቅ ይላል፣ በዞረው ቁጥር ሌላ ነገር ጥግ ላይ ይታያል። ተጫዋቹ ሳይታዘዝ ይሄዳል፤ የሄደው ግን ራሱ መርጦ ነው።

የሐዋሳን መልክዓ ምድር የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ ታቦር ተራራን ማሰቡ አይቀርም። ከከተማው ጎዳና ላይ ታቦር ሐይቁን ይሸፍናል፤ አናቱ ላይ ሲወጡ ግን ሐይቁም፣ ከተማውም፣ በስተደቡብ ያለው የአላሙራ ተራራም በአንድ ጊዜ ይገለጣሉ። ከሐይቁ በስተሰሜን ምሥራቅ የጨለለቃ ረግረግ አለ፤ ከዚያ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚፈስ ብቸኛው ወንዝ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን በዓይን አይታይም፤ ሆኖም ውሃው ጨዋማ አልሆነም። ይህ ራሱ አንድ ልጅ መልሱን ፍለጋ ቀናት ሊያጠፋበት የሚገባ እንቆቅልሽ ነው። ከተማዋ ያረፈችው በጥንት እሳተ ገሞራ ተደርምሶ በተፈጠረ ግዙፍ ገንዳ ውስጥ ነው፤ በገንዳው ውስጥ ደግሞ ኮርቤቲ የሚባል ሌላ የእሳተ ገሞራ ገንዳ አለ። ወንዶ ገነት ያለው ፍል ውሃም ሩቅ አይደለም። ሐይቁ ራሱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ይህም ዓለምን ካስደነቁት የጌም ዓለማት ከብዙዎቹ ጋር የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ስፋት ነው። የጌም ሠሪዎች ዓመታት ፈጅተው የሚፈጥሩትን ዓይነት ምድር ተፈጥሮ እዚህ ሠርታ አስቀምጣለች።

ደስታው ምኑ ላይ ነው? በእኔ ግምት ምስሉ ላይ አይደለም፤ ሽልማቱም ላይ አይደለም። ከላይ በጠቀስኩት ጌም ውስጥ 900 ትንንሽ የጫካ ፍጡራን በድንጋይ ሥር፣ በዛፍ አናት፣ በኩሬ መካከል ተደብቀዋል። የተጫዋቹን መሣሪያ መያዣ እስከ መጨረሻው ለማስፋት ከእነሱ ግማሽ ያህሉን ማግኘት ይበቃል፤ 900ውንም አግኝቶ ለጨረሰ ሰው የሚሰጠው ስጦታ በውጊያም ሆነ በጉዞ የሚጠቅመው ነገር የለም። ሠሪዎቹ ያሉት ግልጽ ነው፦ የፈለግኸው ለማግኘት ብለህ ከሆነ አገኘህ፣ ለትርፍ ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። ሁሉም ኦፕን ወርልድ እንዲህ የሚያስብ አይደለም። ካርታውን በመቶ ምልክት ሞልተው፣ ተጫዋቹን ከምልክት ወደ ምልክት የሚያሯሩጡ፣ መንገዱን በቀስት የሚያሳዩ ብዙ አሉ። እነዚህ ሰፊ መሬት ቢኖራቸውም ክፍት አይደሉም፤ ቀኑን ሙሉ ሲላላክ የዋለ ሰው ብዙ ቦታ ሄዷል እንጂ አሰሰ አይባልም። ለጌሙ የምሰጠው ምስጋና ለዚህኛው ዓይነት አይደለም። ተጫዋቹ በዓይኑ አይቶ፣ ቦታውን በራሱ ምልክት አድርጎ፣ ጠፍቶ ተመልሶ መንገዱን ለሚያበጅበት ጌም ነው።

ታዲያ ይህ ደስታ በሐይቅ ዳር ብዙም የማይታወቀው ለምንድን ነው? ምክንያቱ የወጣቱ ዝንባሌ ሳይሆን ጌም የሚቀርብበት ንግድ ነው። በከተሞቻችን ብዙ ወጣት ፕሌይስቴሽን የሚያገኘው በጌም ቤት ነው። ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፤ ብዙ ጊዜም የተሸነፈው ይከፍላል። ለዚህ የሚመቸው በጥቂት ደቂቃ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይበት የእግር ኳስ ጌም ነው፤ ለባለቤቱም ለተሰለፈው ወጣትም ሒሳቡ ግልጽ ነው። ኦፕን ወርልድ በዚህ ሒሳብ አይሠራም። አሸናፊ የለውም፤ ሳምንታት ይፈጃል፤ ተጫዋቹ ትናንት ያቆመበትን ሴቭ አድርጎ ነገ ሊቀጥል ይፈልጋል፤ ኮረብታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ ግን ቆጣሪው ይቆጥራል። ስለዚህ ጌም ቤት ያስተማረን ጌም ማለት ፉክክር፣ ጩኸትና ሽንፈት መሆኑን ነው። ወላጆች ጌምን የሚያውቁት በዚህ በር በኩል ስለሆነ በሚያዩት ላይ መፍረዳቸው አያስገርምም። ያላዩት ግን ከዚህ የተለየና ጸጥ ያለ ሌላ ዓይነት አለ።

ይህ ሌላው ዓይነት ለአእምሮ የሚያደርገውን ነገር የሚያሳዩ ማስረጃዎች መጠራቀም ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ሁለት ተመራማሪዎች ጌም የማይጫወቱ ወጣቶችን በቡድን ከፍለው፣ አንዱን ቡድን ሰፊና ባለ ሦስት አውታር ዓለም ያለው የማሪዮ ጌም፣ ሌላውን ደግሞ ባለበት የሚቆም ቀላል ጌም ለሁለት ሳምንት አጫወቱ። በሰፊው ዓለም የተዘዋወሩት ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል በሚፈትኑ የማስታወስ ሙከራዎች ተሻሽለው ተገኙ፤ ሌሎቹ አልተሻሻሉም። ሂፖካምፐስ ቦታን የምናስታውስበት፣ ትናንትን ከዛሬ የምንለይበት ክፍል ነው። ጥናቱ ትንሽ መሆኑ መካድ የለበትም፤ አንድ ጥናትም ነገር አያሳርፍም። ነገር ግን ሁለቱም ቡድኖች ጌም ነው የተጫወቱት፤ ለውጡ የታየው በአንደኛው ብቻ ነው። «ጌም ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ «የትኛው ጌም?» በሚለው መተካት እንዳለበት ለማሳየት ይህ ይበቃል።

ሌላው ማስረጃ ሐዋሳን በቀጥታ የሚነካ ይመስለኛል። «ሲ ሂሮ ክዌስት» የሚባል ጌም ለመርሳት ሕመም ምርምር ተብሎ ተሠራ። ተጫዋቹ ካርታውን አንድ ጊዜ አይቶ ጀልባውን በውሃ ላይ እየመራ ዒላማዎቹን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ትንተና ከ38 አገሮች የተሰበሰበውን ወደ 397 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ውጤት መረመረ። ያገኘው ነገር፣ ከከተማ ውጭ ያደጉ ሰዎች በአማካይ የተሻለ መንገድ ያገኛሉ፤ ከከተማ ልጆች መካከል ደግሞ መንገዶቻቸው ቀጥ ብለው በአራት ማዕዘን የተሰመሩ ከተሞች ያሳደጓቸው ይደክማሉ። ሐዋሳ ከአገራችን ከተሞች መካከል በፕላን የተሠራች፣ ጎዳናዎቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ በመሆናቸው የምትመሰገን ናት፤ እኔም ከሚያመሰግኗት ነኝ። ግን ለእግርና ለብስክሌት የተመቸው ቀጥ ያለ ጎዳና ለልጅ አቅጣጫ የማግኘት ችሎታ ብዙ ፈተና አይሰጥም ማለት ነው። ጥናቱ ጌም ይህን ይፈውሳል አላለም፤ እኔም አልልም። የሚለው፣ ልጅ ሲያድግ የሚዞርበት ዓለም ምን ያህል ጠመዝማዛ እንደሆነ ለዕድሜው ዘመን ይከተለዋል ነው። ስለዚህ ጠማማ መንገድና የሚጠፋበት ጫካ ለልጅ ማቅረብ፣ በመሬትም ይሁን በመስኮት፣ ማሰብ የሚገባን ጉዳይ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ሱስ ነው፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ልጁ ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጌሙ ከትምህርትና ከቤተሰብ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ሕመም ነው ይላል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በመስመር ላይ ጌም የሚጫወቱበትን ጊዜ በሳምንት ወደ ሦስት ሰዓት አውርዳለች። እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት ጭንቀቱ እውነተኛ ነው፣ ሐኪምም ያስፈልገዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 39 ሺህ የሚጠጉ ተጫዋቾችን፣ ከኩባንያዎቹ በተገኘ ትክክለኛ የጨዋታ ሰዓት ሲመረምሩ፣ የሰዓቱ ብዛት በሰዎቹ ደኅንነት ላይ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል ሆኖ አልተገኘም። ልዩነት ያመጣው ምክንያቱ ነበር፦ ወድደው በሚጫወቱትና መጫወት አለብን በሚል ግፊት በሚጫወቱት መካከል። ለዚህ ነው የጌሙ ዓይነት ዋናው ነገር የሚሆነው። ዕለታዊ ሽልማት እያሳየ ካልገባህ ያመልጥሃል የሚል፣ ዕጣ የሚያስወጣ፣ ገንዘብ የሚያስከፍል ጌም ግፊትን ነው የሚሸጠው። በአሰሳ ላይ የቆመ ጌም ግን ተጫዋቹን አይጠራም፤ ተራራው ነገም እዚያው ነው። ለወጣቱ ጊዜና ኪስ ከልብ የምንጨነቅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ማየት ያለብን በየሰፈሩ የተከፈቱትን የስፖርት ውርርድ ቤቶች ነው። እዚያ የሚጠፋው ጊዜ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛውና ለሐይቅ ዳር በጣም የሚከብደው ተቃውሞ እንዲህ የሚል ነው፦ ሐይቁ ደጃፋችን ላይ ሳለ ልጅ ለምን መስኮት ላይ ያፈጣል? ፍቅር ሐይቅ አለ፣ አሞራ ገደል አለ፣ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ጭነው ሲመለሱ አባ ኮዳዎች ዙሪያቸውን ሲጠብቁ ማየት አለ፤ ጉማሬም አለ። ይህን ተቃውሞ የሚያነሳ ሰው ስለ ልጆች የሚያስብ ሰው ነው፣ በመሠረቱም ትክክል ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢባል ሐይቁ ይመረጣል። ግን ልጆቹ ይህን ምርጫ በእርግጥ አላቸው ወይ? ከዳርቻው ከፊሉ በሆቴልና በሪዞርት አጥር ውስጥ ገብቷል። ቀሪው ላይ መኪና፣ ባጃጅና የሚያሳስብ ሰው ስላለ ወላጅ ልጁን ብቻውን አይለቅም፤ ጉማሬ ካለበት ዳርቻ ማራቁም ልክ ነው። የዛሬ ልጅ ብቻውን እንዲዞር የሚፈቀድለት ክልል ወላጁ በዚያ ዕድሜ ከዞረው እጅግ ያነሰ ነው። ያንን ክልል ያጠበበው ጌም አይደለም፤ እኛ ነን። አጥበን ስናበቃ መስኮት ውስጥ ሰፊ ክልል ያገኘውን ልጅ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም።

ስለ ልጃገረዶች ማሰብ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያከብደዋል። የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ታቦርን ቢወጣ ቤተሰቡ ይቆጣው ይሆናል። እኩያው የሆነች ልጃገረድ ግን መጀመሪያውኑ አትጠይቅም፤ መልሱን ታውቀዋለች። ጌም ቤቱም የወንዶች ቦታ ነው። ለእሷ፣ ማንም ወዴት ትሄጃለሽ ሳይላት ተራራ የምትወጣበት፣ መሽቶባት ሳትፈራ ጫካ የምታድርበት፣ ጠፍታ መንገዷን በራሷ የምታገኝበት ቦታ ካለ ምናልባት ይህ ጌም ብቻ ነው። ይህ የእውነተኛውን ነፃነት አይተካም፣ መተካትም የለበትም። ነገር ግን አቅጣጫን በራስ መምረጥ በልምምድ የሚመጣ ነገር ከሆነ፣ አንድም ቀን ያልተለማመደች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ወይም ለሥራ ሌላ ከተማ ስትሄድ እንግዳ ይሆንባታል። ወንዶች ልጆችን በማሰስ ማሳደግ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ቅኔን በዋሸራ ወይም በጎንጅ፣ ድጓን በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ ፍለጋ አገር አቋርጦ ይሄድ ነበር፤ እውቀትና መንገድ አንድ ላይ ነበሩ። ያ ዕድል በአብዛኛው ለወንድ ልጅ ብቻ መሆኑ ያኔም ጉድለት ነበር።

ደግሞስ ምናባዊው ምድር ከእውነተኛው ያርቃል የሚለው ሁልጊዜ እውነት ነው ወይ? እ.ኤ.አ. በ2020 «ጎስት ኦፍ ሱሺማ» የተባለ ጌም ወጣ፤ ታሪኩ ሱሺማ በተባለች እውነተኛ የጃፓን ደሴት ላይ ይካሄዳል። በዚያው ዓመት ዐውሎ ነፋስ በደሴቲቱ የሚገኝ አንድ የአምልኮ ስፍራ በር አፈረሰ። የስፍራው ካህን በኢንተርኔት መዋጮ ሲጠይቅ የጌሙ ወዳጆች ከልዩ ልዩ አገሮች አዋጡና የተሰበሰበው ከታሰበው በብዙ እጥፍ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ደሴቲቱ ሁለት አሜሪካውያን የጌሙ ሠሪዎችን የቱሪዝም አምባሳደር ብላ ሾመች። ሰዎች በእግራቸው ያልረገጡትን አገር በመስኮት ዞረው፣ ወድደው፣ ሲፈርስ ደነገጡለት። ይህ በራሱ ጌም ሁሉ ፍቅር ያመጣል ማለት አይደለም፤ ቦታውን በጥንቃቄ ያጠና ጌም ሊያመጣ እንደሚችል ግን ያረጋግጣል።

ጭካኔን በሚመለከት የሚነሳው ተቃውሞ አጭር መልስ ይበቃዋል። በአገራችን ኦፕን ወርልድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ሳን አንድሪያስ» ነው፤ እሱም መኪና የሚነጠቅበትና ሰው የሚገደልበት፣ ለአዋቂ የተሠራ ጌም ነው። ለልጅ አይሆንም፣ መከልከሉም ትክክል ነው። ነገር ግን አሰሳና ጭካኔ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ኩባንያዎቹ ራሳቸው አሳይተዋል። የጥንቷን ግብፅ የሚያሳየው «አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጅንስ» እ.ኤ.አ. በ2018 ውጊያው ሁሉ ተነሥቶለት፣ 75 አስጎብኚ ጉዞዎች ተጨምረውለት ለትምህርት ቀርቧል። ተማሪው ከአባይ ዳር እስከ ፒራሚዶቹ ማንንም ሳይገድል ይዞራል። ጭካኔው ሲወጣ ደስታው አልወጣም።

ገንዘቡና መብራቱ ግን የእውነት እንቅፋት ናቸው። አዳዲሶቹ ኮንሶሎች ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይቀመሱ ናቸው፤ ጌሞቹን በኢንተርኔት ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ መብራትም ይጠፋል። ሆኖም ማሰስ የግድ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። «ሉዋንቲ» የሚባል፣ ቀድሞ «ማይንቴስት» ይባል የነበረ፣ ከማይንክራፍት ጋር የሚመሳሰል ጌም አለ። በነፃ ይገኛል፤ ውስጡ ለማንም ክፍት ስለሆነ ተማሪ ራሱ ሊለውጠውና ሊያሻሽለው ይችላል፤ አቅማቸው ደካማ በሆነ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ያሉት ማሽኖች ለዚህ ይበቃሉ። ስለዚህ ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ይህ ቦታ የሚገባው ነገር ነው ብሎ የመወሰን ነው።

ሲወሰን ደግሞ በሰው ምድር ላይ ብቻ ማሰስ የለብንም። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ የያዘውን «ኩኩሉ» እና በባህላዊው ጨዋታ ላይ የተመሠረተውን «ገበጣ» ለስልክ ሠርቶ አሳይቷል። ካሜሩናዊው ኪሮኦ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦሪዮን» የተባለውን ጌም ከአፍሪካ ትውፊት ቀድቶ ለዓለም አቅርቧል። የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር እ.ኤ.አ. በ2011 ለፕሬዝዳንት ኦባማ ከሰጧቸው ስጦታዎች አንዱ በአገራቸው ደራሲ መጻሕፍት ላይ ተመሥርቶ እዚያው የተሠራው «ዊቸር» ቁጥር ሁለት ጌም ነበር፤ አንድ አገር ከመጻሕፍቱና ከተረቱ የሠራውን ጌም የአገር መገለጫ አድርጎ ማቅረብ አያሳፍረውም። በሲዳማ ምድር ላይ ለሚሠራ ጌም ጥሬ ዕቃው ሞልቷል። አያንቱዎች የሚባሉት የባህሉ አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው የዘመን መለወጫውን የፍቼ ጫምባላላን ቀን የሚቆርጡበት እውቀት፣ በዓሉ የሚከበርበት የጉዱማሌ ሜዳ፣ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር የመዘገበው ይህ ሥርዓት ሁሉ፣ ሰማይን እያነበበ መንገዱን ለሚፈልግ ተጫዋች የተሠራ ይመስላል። በአገራችን «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ሥልጠና ሲጀመር ወጣቱ ኮድ መጻፍ ይማር ተባለ፤ መልካም ነው። ምን ይጻፍበት የሚለውን ግን ሥልጠናው ሊነግረው አይችልም፤ ያ የሚመጣው አገሩን ከማወቅ ነው።

ለሐይቅ ዳር ከዚህም የቀረበ ሥራ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የመኖሪያ ሰፈራ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከማይንክራፍት ሠሪዎች ጋር «ብሎክ ባይ ብሎክ» የሚባል ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ነዋሪዎች፣ በተለይም ወጣቶች፣ የሰፈራቸውን አደባባይ ወይም ሜዳ በጌሙ ውስጥ ገንብተው፣ ዞረውበት፣ አፍርሰው እንደገና ሠርተው ለከተማው አስተዳደር ያቀርባሉ። ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አንዱ በናይሮቢ በኪቤራ ሰፈር የሚገኝ የመጫወቻ ሜዳ ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የማን እንደሆነ፣ የት ላይ ይታጠር፣ የት ላይ ሕዝብ ይራመድ፣ ቄጠማው የት ይቅር የሚለው ክርክር ለሁላችንም የሚያገባን ነው፤ በዳርቻው ላይ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩት ልጆች ግን በክርክሩ ውስጥ የሉም። አንድ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት የኮምፒውተር ክፍሉን ከፍቶ፣ ከአሞራ ገደል እስከ ጥቁር ውሃ ያለውን ዳርቻ በሉዋንቲ እንዲሠሩት ቢያደርግ፣ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ወጥተው መለካት ይኖርባቸዋል። ውሃው የት እንደሚጠልቅ ዓሣ አጥማጁን፣ ሐይቁ በሞላበት ዘመን እስከየት እንደደረሰ ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ልጃገረዶቹም ለትምህርት ነው ብለው ታቦርን ይወጣሉ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተርና የጂኦግራፊ ተማሪዎች ለማገዝ ሩቅ አይደሉም፤ የከተማው አስተዳደርም የተሠራውን ዳርቻ በመስኮት ላይ ዞሮ አይቶ አስተያየቱን ለልጆቹ በጽሑፍ ሊመልስላቸው ይችላል።